የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች?



በአገራችን ዘመድ መጠየቅ ያነሰውን ሰው ሲወቅሱት «አንተ እኮ የመስቀል ወፍ ሆንህ» ይሉታል። ለበዓል ብቅ ብሎ፣ በልቶና ጠጥቶ፣ እስከሚመጣው ዓመት ለሚሰወር ሰው የተሰጠ ስም ነው። እኛም በዐውደ ምሕረት ላይ ቆመን፣ ቤተ ክርስቲያንን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሳለሙትን ምእመናን በዚሁ ቃል ስንገሥጽ ኖረናል። ምሳሌው ለሰሚ ቀላል ነው፤ ማንም ሳይከፋው ሁሉም ይስቃል። ይሁን እንጂ ምሳሌው ስሕተት እንዳለበት አምና በዚህ ወራት ለሚ ላይ አንድ ልጅ አስረዳን።

ለሚ በሰሜን ሸዋ፣ በእንሳሮ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው ሙከ ጡሪ ላይ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ ጥቁር መረሬ አፈር የተነጠፈበት ሰፊ ሜዳ ይቀበለዋል። ወሩ መስከረም ከሆነ ጤፉ ገና ለጋ፣ ባቄላው አበባ፣ የማሳው ድንበር ሁሉ አደይ ነው። ሜዳው የሚያልቅ አይመስልም። ከለሚ ትንሽ እንደተሻገሩ ግን ምድር በድንገት ይቆረጣል። ከእግር ሥር የጀማ ሸለቆ ይከፈታል፤ በወዲያኛው ማዶ የመርሐቤቴ አምባዎች ይታያሉ፤ ከታች በጥልቁ ውስጥ ጀማ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ደጋና ቆላ እንደዚህ ተጣብቀው የሚኖሩበት ስፍራ ጥቂት ነው። ከላይ ጋቢ ያስለብሳል፤ ከታች ማሽላ ያበቅላል።

ልጁን ያገኘነው በዚህ የገደል አፋፍ ላይ ነው። ዕድሜው ዐሥራ አንድ ቢሆን ነው። ወንጭፉን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ጠጠሩን በኩታው ጫፍ ቋጥሮ፣ በአባቱ ማሳና በገደሉ መካከል ተቀምጧል። ከአደዩ መካከል እንደ ፍም የቀላች አንዲት ወፍ ብድግ ስትል እኛ በደስታ «የመስቀል ወፍ መጣች!» አልን። ልጁ ቀና ብሎ አየንና በትሕትና፣ ነገር ግን ያለ ማመንታት እንዲህ አለ፦ «አባባ፣ የትም አልሄደችም እኮ። በበጋም እዚሁ ናት። ያን ጊዜ ቡናማ ትሆናለች።»

ነገሩ እርሱ እንዳለው ነው። የመስቀል ወፍ እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው ወፎች ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው። ቀዩና ጥቁሩ አለ፤ ቢጫውና ጥቁሩ አለ፤ ከአካሉ የሚረዝም ጅራት የሚያበቅለውም አለ። ሁሉም እህልና የሣር ፍሬ ለቃሚዎች ናቸው። ክረምት ሲገባ፣ ሣሩ ሲያድግና ጎጆ መሥሪያ ሲገኝ፣ ወንዱ ላባውን ይለውጣል። በጋው ሲገፋ ያንን ጌጥ አራግፎ እንደ እንስቷ ቡናማ ይሆንና ከድንቢጡ መንጋ ጋር ይቀላቀላል። (በአማርኛችን «እሷ» እያልን እናቆላምጣት እንጂ የምናደንቀው ላባ የወንዱ ነው።) ስለዚህ ወፏ ከመስቀል እስከ መስቀል ከደጃችን አልራቀችም። በዐውድማችን ዙሪያ ስትለቅም ትከርማለች፤ ያላወቅናት እኛ ነን። አደዩም እንዲሁ ነው። ዘሩ ባለፈው ዓመት ከአፈሩ ላይ ወድቆ፣ በጋውን ሙሉ ከእግራችን ሥር ተኝቶ የክረምቱን ዝናብ ሲጠብቅ ነበር። ማንም አልዘራውም፤ የሚያስፈልገው ማረሻ ያልነካው ጠባብ ድንበር ብቻ ነው።

ልጁ ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከንጋት እስከ ምሽት ከዚያ ስለሚውል ነው። ያን ዕለት የትምህርት ቀን ነበር፤ እርሱ ግን ማሳ ይጠብቅ ነበር። የሚጠብቀውም ከጭላዳ ነው።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በሌላ በየትም ዓለም አይገኝም። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሳይንሱ ዓለም ካስተዋወቀው ወዲህ ብዙ ተጽፎለታል። በጥንት ዘመን በአፍሪካ ብዙ ዘመዶች እንደነበሩት በምድር ውስጥ የተገኙ አጥንቶች ይመሰክራሉ፤ ከዚያ ወገን ዛሬ የቀረው እርሱ ብቻ ነው። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሣርን ዋና ምግቡ አድርጎ የሚኖር ሌላ የለም። ሌሊቱን ከገደሉ ወለል ላይ ተለጥፎ ያድራል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ከዚያም ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ ይውላል። ወንዱ ጎፈሩን ጥሎ፣ በደረቱ ላይ ቀይ ምልክቱን ይዞ ሲቀመጥ በዕድሜ የጠገበ ሹም ይመስላል። አንዱ ወንድ ከብዙ እንስቶችና ግልገሎች ጋር ቤተ ሰብ ሆኖ ይኖራል፤ ቤተ ሰቦቹ ሲሰባሰቡ መንጋው በመቶዎች ይቆጠራል።

እንግዲህ ይህ ሣር በል ፍጥረት ከገደሉ ሲወጣ የሚያገኘው ሣር ካልሆነስ? በለሚ አፋፍ የሆነው ይህ ነው። አባቶቻቸው ለከብት ግጦሽ የተዉት የገደል ዳር በልጆችና በልጅ ልጆች ሲከፋፈል፣ ማረሻው በየዓመቱ አንድ ፈር እየጨመረ እስከ ቋጥኙ ደረሰ። ጭላዳው በወጣበት መንገድ ይወጣል፤ ከፊቱ የሚያገኘው ገብስና ጤፍ ነው። ለጋ እህል ደግሞ ለእርሱ ጣፋጭ ሣር ነው እንጂ የሰው ንብረት መሆኑን ማን ነገረው?

አምና በዘመነ ፍሬ፣ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጽድ ሥር ተቀምጠን ሳለን፣ የዚያ ልጅ አባት ወደ አንድ አረጋዊ ካህን ቀርቦ መስቀል ከተሳለመ በኋላ «አባ፣ ጭላዳውን ይገዝቱልኝ» አላቸው። የሳቀ አልነበረም። ተምችና አንበጣ ሲመጣ ጠበል የሚረጭበት፣ ምሕላ የሚያዝበት አገር ነውና ልመናው ከሥርዓት የወጣ አልመሰለውም።

አባም ጥቂት አሰቡና «ልጄ፣ የሚገዘተው ሕግ የተሰጠው ነው። ለጭላዳው የተሰጠው ሣር ነው። ሣሩን ማን አረሰው?» አሉት።

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ «እኔ አረስሁት፣ አባ። ባላርሰው ልጆቼን ምን ላብላቸው?» ሲል መለሰ።

ከዚህ በኋላ አባ ዝም አሉ። እኛም በነገረ መለኮት ኮሌጅ ያሳለፍናቸው ዓመታት በዚያች ሰዓት አልደረሱልንም። አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት እንደሆነ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ ስናስተምርም ኖረናል። ማበጀቱና መጠበቁ በአንድ ጥማድ መሬት ላይ ሲጣሉ ግን ምን ይደረግ?

ቤተ ክርስቲያናችን ለእነዚህ ፍጥረታት ባዕድ እንዳልሆነች ለማወቅ የዘመን አቆጣጠሯን መመልከት ይበቃል። ክረምቱን ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ስትቈጥር፣ በመካከሉ ከነሐሴ ወር የተወሰኑ ቀናትን ለይታ «ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ» ብላ ትጠራቸዋለች፤ የቁራ ጫጩቶች፣ ደሴቶች፣ የሁሉ ዓይን ማለት ነው። መምህራን እንደሚያስተምሩት የቁራ ጫጩት ከዕንቁላሉ ሲወጣ ላባው ስላልጠቈረ ወላጆቹ «የእኛ አይደለም» ብለው ይተዉታል፤ እርሱም አፉን ከፍቶ ወደ ፈጣሪው ይጮኻል፤ ወደ አፉ የሚገቡትን ትንኞች እየተመገበ ያድጋል። የወፍ ተመራማሪዎች በዚህ ትረካ ላይ የራሳቸው አስተያየት ይኖራቸው ይሆናል። እኛን የሚያስደንቀን ግን ሌላ ነው፤ ለተጣለ የቁራ ጫጩት በዓመቱ ውስጥ ወራት ለይታ የምትዘምር ቤተ ክርስቲያን ያለችው አገር መሆናችን ነው። ከክረምቱ ማለቂያ ማግሥት፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ደግሞ ዘመነ ጽጌ፣ የአበባ ዘመን ይገባል። በቅዳሴውም ስለ ዝናሙ፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ ይጸለያል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ያየ ሰው በዙሪያቸው የተቀመጡትን አንበሶችና ነብሮች ያስታውሳል።

ይሁን እንጂ ሥዕል ማሳ አይጠብቅም። የለሚው ገበሬ ጥያቄ መልስ የሚፈልገው በሥርዓት፣ በሕግና በተራ ነው። ለዚህም ከዚያው ከሰሜን ሸዋ ሳንወጣ፣ ወደ ምሥራቅ ወደ መንዝ ስንመለከት፣ አንድ የቆየ ምሳሌ እናገኛለን።

በመንዝ ጌራ ምድር፣ በመሐል ሜዳ አቅራቢያ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጓሳ የተባለ ምድር አለ። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ስሙን ያገኘው ከበቀለበት ሣር ነው። መንዞች በጓሳ ሣር ቤታቸውን ይከድናሉ፤ ገመድ ይገምዱበታል፤ ለዝናም የሚለበሰውን ገሳ ይሠሩበታል። በድርቅ ዓመት ደግሞ ከብቶቻቸውን የሚያተርፉት በዚያ ነው። ይህን ምድር በ17ኛው መቶ ዓመት ገደማ አቅኚዎቹ አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች እንደሆኑ ይነገራል፤ ልጆቻቸውም በአጽመ ርስት ተካፍለውታል። የተካፈሉት ግን አርሰው ሊጨርሱት አልነበረም። ቄሮ የተባለ ሥርዓት አቆሙለት። (ቃሉ በቅርብ ዓመታት ሌላ ትርጉም ይዞ ስለተሰማ አንባቢ እንዳይደናገር፣ እኛ የምንለው የመንዙን ጥንታዊ ደንብ ነው።)

በቄሮ ሥርዓት ጓሳ ለተከታታይ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣር ማጨድ፣ ከብት ማሠማራት፣ እንጨት መልቀም አይፈቀድም። ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ይሾማሉ፤ አባወራው በየተራው ይጠብቃል፤ ተራውን ያጎደለም ሆነ ሥርዓቱን የጣሰ ብርቱ ቅጣት ይደርስበታል። ሣሩ መድረሱ ሲረጋገጥ፣ በበጋው ጽናት፣ ሕዝቡ በሚሰበሰብበት በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ታውጆ ይከፈታል። ክረምት ሲገባ ሁሉም ወጥቶ እንደገና ይዘጋል። ለከብቱና ለቤቱ ክዳን ብለው የዘጉት ምድር በዚያው ለአውሬውም መጠጊያ ሆነለት። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳና ሌሎችም ብዙ ፍጥረታት እስከ ዘመናችን የደረሱት በዚህ ነው። ዶክተር ዘላለም ተፈራ የመንዝን ሥርዓት በጥንቃቄ አጥንተው ከአንድ ባልደረባቸው ጋር በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ለዓለም አሳውቀዋል።

ሥርዓቱ የተቋረጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ ነው። አዋጁ ለጭሰኛው ያመጣለትን እኛ አንክድም። ጓሳን በተመለከተ ግን ርስቱ ሲቀር ጠባቂውም ቀረ፤ የሁሉም የሆነው ምድር ለጊዜው የማንም ያልሆነ ያህል ተቈጠረ፤ ሣሩም ተጎዳ። የሚደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የአካባቢው ሕዝብ አሮጌውን ደንብ አልረሳውም ነበርና ዘመኑ በፈቀደው መንገድ፣ በእድርና በኮሚቴ፣ መልሶ አቆመው። በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠርም የአማራ ክልል መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ አጸናለት።

በጓሳ ጭላዳውን ለዓመታት ሲከታተሉ የኖሩ ተመራማሪዎች በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተሙት አንድ ነገር አለ፤ ለበዓል የሚሆን ወሬ ነውና እንንገራችሁ። ቀይ ቀበሮ በጭላዳው መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል። ጭላዳው አይሸሸውም፤ ቀበሮውም ከአጠገቡ ያለውን ግልገል አይነካም። ምክንያቱ ጥቅም ነው። ብቻውን ሲያድን ከመቶው ሙከራ 25ቱ ሲሳካለት፣ በመንጋው መካከል ሲሆን 67ቱ ይሳካለታል። ጭላዳው ሣሩን ሲያተራምሰው አይጡ ይወጣል፣ ወይም ቀበሮው መምጣቱን አይጡ አያውቅበትም ይሆናል። ነቢዩ ኢሳይያስ ተኩላና በግ አብረው ስለሚያድሩበት ዘመን የተናገረውን ስናነብ ሁልጊዜ ሩቅ ዘመን ይመስለን ነበር። ከመሐል ሜዳ አጠገብ ግን የዚያ ጥላ የሚመስል ነገር በጠዋቱ ፀሐይ ይታያል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ስንሰማ ደግሞ ደስታችን በስጋት ይለወጣል።

ወደ ለሚ እንመለስ። ለሚ ጓሳ አይደለችም። የተዘጋ ሜዳ የላትም፤ የአስቦና የጌራ ዓይነት ደንብም አልተጻፈላትም። ያላት ገደል ነው። ከገደሉ በታች፣ በጀማ ሸለቆ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ፣ በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች የምትኖር አንዲት የቆቅ ዓይነት አለች። በ1899 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሁለት ብሪታንያውያን ሃርውድ በተባለ ሰው ስም ሰይመው መዝግበዋታል። የአገሩ ሰው «ቆቅ» ብሎ ያልፋታል፤ ሲያገኛትም ይበላታል። ሊያይዋት ብቻ ባሕር አቋርጠው የሚመጡ ሰዎች መኖራቸውን የነገርናቸው አንድ ሽማግሌ «ምን ጎድሏቸው?» ሲሉ ጠየቁን።

ለሚ ደግሞ ዛሬ የምትታወቀው በቆቋ ሳይሆን በሲሚንቶዋ ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን እስከ 150,000 ኩንታል የማምረት አቅም እንዳለው በምረቃው ወቅት ተገልጿል። አገር ቤት ሠርታ እንድትኖር ሲሚንቶ ያስፈልጋታል፤ ወጣቱም ሥራ ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ኖራ ድንጋይ የሚወጣው ከምድር ነው፤ ምድሩም ባዶ አልነበረም። ገደሉን ከላይ ማረሻ፣ ከጎን ቁፋሮ ሲቀርበው ጭላዳው የሚያድርበት ወለል የቱ እንደሚሆን አሁኑኑ፣ ገና ቦታ ሳለ፣ ገበሬው፣ አስተዳደሩና ፋብሪካው በአንድነት ተቀምጠው ሊነጋገሩበት ይገባል እንላለን። በኋላ ቢነጋገሩበት የሚካፈሉት አይኖርም።

የአጥቢያው ሰዎች ግን ሌላውን አልጠበቁም። አባ በዚያች ዕለት ያልመለሱትን ጥያቄ ለሚቀጥለው ሰንበቴ አቀረቡት። ጠላው ቀርቦ፣ ዳቦው ተቈርሶ፣ ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሁለት ነገር ተቈረጠ። አንደኛው፣ የገደል ዳር ማሳ ያላቸው አባወራዎች በየተራ እየወጡ እንዲጠብቁ፣ ልጆች ግን ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ነው። ሁለተኛው፣ ከቋጥኙ ጫፍ ወዲህ ዐሥር እርምጃ ሳይታረስ ለሣር እንዲቀር ነው።

የሆነውን ሳንሸሽግ እንናገር። የመጀመሪያው ውሳኔ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ሠራ፤ የባቄላው አጨዳ ሲደርስ ተራውን የሚያጎድለው በዛ፤ በኅዳር ከልጆቹ ገሚሶቹ ወደ ገደሉ ተመልሰው ነበር። በሁለተኛው የተስማሙት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ የልጁ አባት ነው። ከሚያርሰው የሚያህለውን ያህል ባይሆንም ከጥቂቱ ላይ ቀንሶ ዐሥር እርምጃውን ትቶታል። ዘንድሮ በዚያች ድንበር ላይ የበቀለው ሣር ከጉልበት አልፏል፤ አደዩም ሞልቶበታል። ጭላዳው ግን አሁንም አንዳንድ ቀን ሣሩን አልፎ ወደ ገብሱ ይገባል። ጎረቤቶቹ «ሣርም ገብስም መገብኸው» እያሉ ይቀልዱበታል።

ልጁ ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ይዞ ትምህርት ጀምሯል። የጥበቃው ተራም በአዲስ መልክ ተደልድሎ፣ ስም ዝርዝሩ በሰንበቴው ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የደመራው ከሰዓት በኋላ ለማን ይድረስ የሚለው ብዙ አከራከረ፤ ችቦውን ትቶ በዚያ ሰዓት ገደል ላይ መቀመጥ የሚወድ ማን አለ? በመጨረሻ አንድ የሰባ ዓመት አዛውንት «ለእኔ ስጡኝ» አሉ። እግራቸው እንደ ድሮው ደመራውን ሊዞር አይችልም። ከገደሉ አፋፍ ሆነው የእንሳሮንም፣ በማዶ የመርሐቤቴንም ደመራ ጭስ አንድ ላይ እንደሚያዩት ነገሩን። ወንጭፉን ልጁ ያውሳቸዋል።